የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም

አንድ ልጅ ትምህርት ጀመረ ሲባል ዘመዱም ጎረቤቱም አስቀድሞ የሚጠይቀው "መቼ ይጨርሳል?" ብሎ ነው። አስከትሎም "ሲጨርስ ምን ይሆናል?" ይላል። ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ የሚጠይቁትም ለልጁ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ይሁንና ሁለቱም ስለ መድረሻው እንጂ ስለ መንገዱ አይጠይቁም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ በተተከሉት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ግን ለብዙ ትውልድ ሲጠየቅ የኖረው ሌላ ጥያቄ ነው። ተማሪው መምህሩ ፊት ሲቀርብ የሚጠብቀው "ዛሬ ምን ቆጠርህ?" የሚል ነው። መቼ እንደሚጨርስ የሚጠይቀው የለም። መምህሩም ቢሆኑ አያውቁትም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አጭር ጥያቄ ምን ያህል ጥበብ እንደተሸከመ ማሳየት ነው። አንድ ሰው ትልቅ ነገር ሲመኝ ዓይኑን ከምኞቱ ላይ ተክሎ ቢኖር ይሻለዋል ወይስ ምኞቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ የዕለቱን ሥራ ቢይዝ? የዛሬ ዘመን መጻሕፍት በዚህ ጉዳይ ብዙ ይላሉ። እኔ ግን መልሱን ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከሚለምነው የቆሎ ተማሪ ዘንድ መፈለግን መርጫለሁ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የደረሰ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዳል። ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር ያወጣል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሚጓዝ ሰው በምዕራብ ጮቄን፣ በምሥራቅ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይሄዳል። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ከፍ ሲል ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ወደ ዓባይ ጠጋ ሲል መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ሲደርስም ከእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ከወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም ጋር የሚነሣው የሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። ምድሩ የጤፍ ምድር ነው፤ የሊቃውንትም ምድር ነው።

የታሪክ መጻሕፍት ይህን አገር የሚያነሡት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው። ቢቸና ሲባል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ሲያርበደብድ የቆየው በላይ ዘለቀ ይነሣል፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መቀጣቱም ይተረካል። ሞጣና ቢቸና አንድ ላይ ሲጠሩ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ የተነሣው የገበሬዎች አመፅ ይወሳል። ይህ ሁሉ መጻፍ ያለበት ታሪክ ነው። ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ ልማዱ ድሉንና ሽንፈቱን መመዝገብ ስለሆነ ዕለቱን ይዘለዋል። በአንድ ጉባኤ ቤት ውስጥ ሌሊት ሲጠና፣ ቀን ሲቆጠር፣ ማታ ሲሰማ ያለፈው በሺህ የሚቆጠር ቀን በየትም አልተጻፈም። አገሩን አገር ያሰኘው ግን ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘወትር ትርጉም

ያደግሁት በዚሁ አገር ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ በፊት ያየሁት ከእርሻ ላይ ነው። የቢቸና ገበሬ ለጤፍ መሬቱን ሲያዘጋጅ መጀመሪያ ይገምሳል፣ ከዚያ ይደግማል፣ ከዚያም ያሰልሳል፤ ጤፍ ለስላሳ መሬት ስለሚሻ ከዚያም በላይ ያርሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዝናቡ በወቅቱ ይምጣ አይምጣ፣ በረዶ ይውረድ አይውረድ የሚያውቀው ነገር የለም። ምርቱ በእጁ አይደለም። በእጁ ያለው ዛሬ በሬዎቹን መጥመድ ብቻ ነው። "ዘንድሮ ምርቱ ያማረ ይሆናልን?" እያለ ከማሳው ዳር ቆሞ ሲያስብ የሚውል ገበሬ በመንደራችን ቢኖር ኖሮ ሰው ሁሉ መሳቂያ ያደርገው ነበር። ትምህርት ላይ ሲሆን ግን ይህንኑ ማድረግ አስተዋይነት ሆኖ የሚቆጠርበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቆመው በዚሁ በገበሬው አስተሳሰብ ነው። ገና ከፊደል ቤት እንጀምር። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ ዳዊት ሲደርስ 150 መዝሙር ይጠብቀዋል። ከሩቅ ሲያዩት ተራራ ነው። ነገር ግን ዳዊት የሚደገመው በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለው ይደገማል፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ላይ 150ው ይሞላል። ውዳሴ ማርያምም እንደዚሁ የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕ እየተባለ ለየቀኑ ተመድቧል። በየቀኑ የሚጸለየውም "ጸሎተ ዘወትር" ይባላል። ዘወትር ማለት ሁልጊዜ፣ በየዕለቱ ማለት ነው። አባቶቻችን ትልቁን ነገር አላሳነሱትም፤ የዛሬውን ድርሻ ብቻ ከትልቁ ቆርሰው ለተማሪው ሰጡት። ሰኞ ቀን የቅዳሜውን ተሸክሞ የሚጨነቅ የለም።

የቅኔ ቤት ውሎ

ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ቅኔ ቤት ውስጥ ነው። ጎጃም በቅኔ የታወቀ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ከወሎው ዋድላ ጋር የሦስቱ የቅኔ መንገዶች መጠሪያ ሆነው እስከ ዛሬ ይነሣሉ። ከዚያ የወጡ መምህራንና የመምህራን ደቀ መዛሙርት በቢቸናና በሞጣ ገጠሮች ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ትውልድ አፍርተዋል።

የቅኔ ተማሪ ውሎ በሦስት ቃላት ይጠቀለላል፤ ቆጠራ፣ ነገራ፣ ዘረፋ። ቆጠራ ማለት ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጥግ ይዞ፣ ደበሎውን ተከናንቦ የራሱን ቅኔ የሚያዋቅርበት ሥራ ነው። ብራናም ወረቀትም አይዝም። ቃሉን፣ ልኩን፣ ቤቱን፣ ሰሙንና ወርቁን ሁሉ በአእምሮው ይዞ ያወጣል፣ ያወርዳል። ነገራ ማለት የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው የሚነግርበት ነው። በዚያ ጊዜ ይታረማል፤ ግሱ ካልገጠመ፣ አገባቡ ከተበላሸ፣ ምሥጢሩ ከከሸፈ ይነገረዋል። ዘረፋ ማለት ደግሞ መምህሩ በጉባኤው መካከል ተቀምጠው የራሳቸውን አዲስ ቅኔ የሚያፈስሱበት ነው። ተማሪዎች ይሰማሉ፣ ይቀበላሉ፣ ምሥጢሩን ይጠይቃሉ፣ ሌሊቱን ሲያጠኑት ያድራሉ።

መሰላሉም ግልጽ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ጉባኤ ቃናው ሲጠናለት ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሄዳል። ከዚያ ሚበዝኁ አለ፣ ከዚያ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ዘይእዜ፣ ስምንት ቤቱ መወድስ እያለ ይቀጥላል፤ ክብር ይእቲና ዕጣነ ሞገርም ተጨምረው ሁሉን የቻለ ተማሪ "ሙሉ ቤት" ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እሻለሁ። ጉባኤ ቃና ላይ ያለ ተማሪ ስለ መወድስ እያሰበ እንዲተክዝ ማንም አይፈቅድለትም። ስድስት ወር ይፍጅበት፣ ዓመት ይፍጅበት፣ ከሁለቱ ቤት ሳይወጣ ሁለቱን ቤት ይሠራል። አንድ ቀን መምህሩ ወደ ሚቀጥለው እንዲሻገር ያዝዙታል። ያ ቀን ሲመጣ ድግስ የለውም፤ በማግሥቱ ሦስት ቤት ይዞ መቅረብ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ሕግ ነው። ትናንት የተቆጠረ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚቀርብ ቅኔ ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ነገር አዲስ ሆኖ መገኘት አለበት። ተማሪው ትናንት መምህሩን ያስደነቀ ቅኔ ቆጥሮ ከነበረ ደስታው ትናንት አልቋል። ዛሬ እንደ ማንኛውም ጓደኛው ባዶ እጁን ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ትናንት ተሳስቶ ተገሥጾ ከነበረም እንዲሁ ነው፤ ነውሩ ትናንት አልቋል፣ ዛሬ አዲስ ቀን ነው። ስለዚህ ቅኔ ቤት ውስጥ ድል የሚያኮራው፣ ሽንፈት የሚያስቀረው ተማሪ ብዙ አይቆይም። የሚቆየው በየቀኑ የሚቀመጠው ነው።

ሕጉ መምህሩንም አይምርም። እርሳቸውም በዘረፋ ጊዜ የትናንቱን ደግመው ሊያቀርቡ አይችሉም። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ስማቸው በአውራጃው የተሰማ ሊቅ ቢሆኑም ከጉባኤው የሚቀመጡት አዲስ ነገር ይዘው ነው። በሌላው ዓለም ዲፕሎማ ሰውን ከዕለት ሥራ የሚያሳርፍ ጽሕፈት ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ሊቅነት የሚታደሰው በየማታው ነው። እነዚያ በየማታው የተዘረፉ ቅኔዎች አብዛኞቹ ከአየር ጋር ቀርተዋል። የተረፉትም ተማሪ በቃሉ ይዟቸው፣ በኋላ እነ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና እነ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ሰብስበው ስላሳተሙላቸው ነው። ባለቤቶቹ ለመታተም ብለው አልደከሙም።

ስለ ትሉ እንደገና

በዚህ ጉዳይ የሚነሣውን ታላቅ ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ጥላ ያርፋል። አንዲት ትል የዛፉን ፍሬ ለመብላት ስትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትደርስ ያያል። ከዚያ ተመልሶ በትምህርቱ ይጸናል። ይህን ትውፊት የምንተርከው ሰዎች ሁሉ ድምፃችንን ከፍ የምናደርገው ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ነው። "አየህ፣ ብትጸና ትደርሳለህ!" እንላለን።

እኔ ግን ታሪኩን በቅኔ ቤት ዓይን ሳየው ክብደቱ ከስድስቱ ላይ ይሆንብኛል። ትሏ ስድስት መሆኑን አልቆጠረችም፤ የቆጠረው ያሬድ ነው። ለእርሷ እያንዳንዱ መውጣት የዚያን ጊዜ መውጣት ነበር። ሦስተኛው ላይ ሆና "ገና አራት ይቀረኛል" የምትልበት ልብ ቢኖራት ኖሮ ምናልባት ከግንዱ ሥር ትቀር ነበር። ያሬድ ከእርሷ የተማረው ፍሬው መኖሩን አይደለም፤ ፍሬ መኖሩንማ ቀድሞም ያውቅ ነበር። የተማረው ከወደቁ በኋላ ያለውን መውጣት ነው።

ይህን ለመረዳት ከእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። እማሆይ ገላነሽ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ያጡ፣ ቅኔን ከቅኔ መምህር አባታቸው የተማሩ፣ በኋላም በጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ይዘው ብዙ ተማሪ ያፈሩ ሴት ናቸው። በዚያ ዘመን ለዓይነ ስውር ሴት ልጅ "ሲጨርሱ ምን ይሆናሉ?" የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ሴት የቅኔ መምህር ትሆናለች ብሎ የሚጠብቅ አልነበረምና። መድረሻውን አይቶ የሚጀምር ሰው እርሳቸው በነበሩበት ቦታ ቢሆን ባልጀመረ ነበር። እርሳቸው ግን የዕለቱን ይሰሙ፣ የዕለቱን ይቆጥሩ ነበር። ወንበሩ የመጣው ከኋላ ነው።

ዘመቻና ዘወትር

እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ብዙ ፈተና አልፎባቸዋል። የጣሊያን አምስት ዓመት አልፎባቸዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ሰሞን መሬቷን አጣች፤ መምህራኑ ይተዳደሩበት የነበረው ምንጭም ደረቀ። በዚያ ሰዓት ውጤቱን አስልቶ የሚሠራ ሰው ጉባኤውን መዝጋት ነበረበት። ሹመት የለም፣ መሬት የለም፣ በአደባባይም ክብር የለም። ሆኖም በብዙ ቦታ ተማሪው ለምኖ መጣ፤ መምህሩም ማታ ተቀመጡ። ትምህርቱን ያተረፈው የወደፊቱ ተስፋ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ተስፋው ተቆርጦ ነበርና። ያተረፈው ልማዱ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ትምህርት በአገራችን ተጀመረ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ፤ ኢትዮጵያም በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለች። እኔ ይህን ሥራ የምነቅፍ ሰው አይደለሁም። በእርሻ ላይ ያረጁ ሰዎች ስማቸውን ሲጽፉ ማየት የሚያኮራ ነበር። ነገር ግን ዘመቻ ማለት መነሻና መድረሻ ያለው፣ ዙር የሚቆጠርለት፣ ሲያልቅ የምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ነገር ነው። ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ በቤቱ የሚነበብ ነገር፣ ለማንበብም የተመደበ ሰዓት ያልነበረው ብዙ ሰው ፊደሉን መልሶ ረሳው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው። ያው ገበሬ ግን በልጅነቱ የለመደውን የጸሎት ቃል እስኪሞት ድረስ በየጧቱ ይለው ነበር። ዘመቻ ያስጀምራል፤ የሚያኖረው ግን ዘወትር ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ 47 ልብ ወለዶች ጽፏል። ከሞተ በኋላ በ1883 እ.ኤ.አ. የታተመው የሕይወት ታሪኩ ምሥጢሩን ገለጠ፤ ጧት በ11 ሰዓት ተኩል ከጠረጴዛው ይቀመጣል፣ ሰዓቱን ፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። መንፈስ እስኪመጣለት አይጠብቅም ነበር። ብዙ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ጥበብ እንደ ጫማ ሥራ ሆነ ብለው አዘኑበት። የቅኔ ቤት ሰው ቢሰማው ግን የሚያስደንቀው ነገር አያገኝበትም። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን አጥንተው አንድ አዲስ ነገር ያለ ሐሳብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ያህል እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ጽፈዋል። አንድ ቀን መዝለልም ልማዱን ብዙ እንደማያናጋ አግኝተዋል። ዐቢይ ጾማችን 55 ቀን መሆኑን ለሚያስብ አንባቢ ይህ ቁጥር እንግዳ አይሆንበትም።

የልማዱ ጉድለት

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ያመሰገንሁት ሥርዓት እንከን የለበትም እያልሁ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ሕይወት ረኀብና እከክ፣ የውሻ ንክሻና የበሽታ ሞት የሞላበት ነበር። ሴቶችን ከደጅ መልሷል፤ እማሆይ ገላነሽን የምናነሣቸውም እንደ እርሳቸው ያሉት ጥቂት በመሆናቸው ነው። "መቼ ይበቃኛል?" ብሎ ሳይጠይቅ ከደብር ደብር ሲዞር ጉልበቱ ያለቀ ተማሪም ብዙ ነው። ዕለቱን ብቻ ማየት አንዳንዴ የት እንደሚሄዱ ላለማሰብ መሸሸጊያ ይሆናል።

ይህን ከውስጥ ያየ ደራሲም አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ በዛብህን ገና በልጅነቱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት አድርገው ሥለውታል። ትምህርቱ አልጎዳውም፤ እንዲያውም ያ ትምህርት ነው ዲማ ላይ ሰው ያደረገው። የጎዳው ሌሎች ቀድመው የቆረጡለት መድረሻ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ከዚያ ትምህርት ወጥተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት፣ ከዚያ ወደ ጦር ሜዳ፣ ወደ ምርኮ፣ ወደ ዲፕሎማሲ ሄደዋል። መድረሻቸው ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ያንን ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው እጅ ግን በየዕለቱ ቃል መምረጥን ከጉባኤ ቤት የለመደ እጅ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ስለዚህ ልማድ ያለ ዓላማ ይኑር አልልም። ዓላማ አቅጣጫ ይሰጣል። ተማሪው ከቤቱ ሲወጣ ወደ ዲማ ይሂድ ወይስ ወደ ሞጣ የሚያሳየው ዓላማው ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ከዛፉ ሥር የሚያስቀምጠው ሌላ ነገር ነው። ዓላማ መንገዱን ያሳይ እንጂ እግር ሊሆን አይችልም።

ዛሬ ላይ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚህ የተሻለ አልሆነም። ያን ጊዜ በየቤቱ ለቅሶ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "ስትጨርስ ምን ትሆናለህ?" ሲባል የኖረ ልጅ አንድ ቀን በወጣ ቁጥር "ምንም" የሚል መልስ ተሰጠው። ፈተናው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ፈተናው የደበቅነውን ገለጠ እንጂ አልፈጠረውም። ጥያቄዬ በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ስንት ማታ ልጁን "ዛሬ ምን አነበብህ? እስቲ ንገረኝ" ያለው ሰው ነበር የሚለው ነው። ነገራ የሌለበት ቆጠራ፣ እርማት የሌለበት ትምህርት ለአሥራ ሁለት ዓመት ተከማችቶ አንድ ቀን ቢፈርስ ምን ይደንቃል?

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የባሰ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ለፈተና መቀመጥ ያልቻለው ተማሪም ብዙ ነው። በቢቸናና በሞጣ ገጠር ያለ ወጣት መድረሻው ተዘግቶበት ሲያገኘው "እንግዲህ ለምን ላንብብ?" ቢል ልንፈርድበት አንችልም። ባዶ ምክርም አይጠቅመውም። ነገር ግን በዚሁ አፈር ላይ፣ መሬቱ ሲወሰድ፣ ሹመቱ ሲቀር፣ መንገዱ ሲዘጋ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ቤት የቆጠረ ሰው እንደነበር ማወቁ አንድ ነገር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሊዘጋ የማይችል ነገር አለ፤ አንድ ገጽ ማንበብ፣ አንድ የሒሳብ ጥያቄ መሥራት፣ የተነበበውን ለታናሽ ወንድም ወይም እኅት መንገር። ይህ ሰላምን አይተካም፣ መምህርንም አይተካም። ሰላም ሲመጣ ግን ቁጭ ብሎ የጠበቀውንና በየቀኑ የቆጠረውን አንድ ቦታ ላይ አያገኛቸውም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው ተረት የሚሠራው በየቀኑ ለታቀፉት ዕንቁላል ብቻ ነው።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ጥያቄውን መለወጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ እራት ላይ "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለውን ለጊዜው ትተን "ዛሬ የያዝኸውን ንገረኝ" ብንል ልጁ ነገ የሚነገር ነገር ይዞ ለመምጣት ይተጋል። ነገር ግን የቅኔ ቤቱን ሁለተኛውን ሕግ አንርሳ። መምህሩ ተማሪውን የሚጠይቁት የራሳቸውን አዲስ ቅኔ ይዘው ተቀምጠው ነው። መጽሐፍ ከያዝን ዓመት ያለፈን፣ የትናንት ዲፕሎማችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን የምንኖር ወላጆች ልጁን ከመጠየቃችን በፊት እኛም የዛሬውን ቆጥረን መገኘት ይገባናል።